ቀብድ የአየር ትንበያ አይሰማም

ነሐሴና መስከረም ላይ ኢንስታግራም ከፍታችሁ ባሃማስ ወይም ፍሎሪዳ ኪይስ ብላችሁ ብትፈልጉ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ይደጋገምባችኋል። ጉልበት በማይደርስ ጥርት ያለ ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው፣ እጁ ላይ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ዓሣ፣ ከሥሩ ደግሞ "የወቅቱ ልዩ ቅናሽ" የሚል ጽሑፍ። ቅናሹ እውነት ነው። ለምን እንደቀነሰ ግን ማስታወቂያው ላይ አይጻፍም። የቀነሰው የሀሪኬን ወቅት ስለሆነ ነው። ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ ቅናሽ፣ ይበልጥ ደግሞ አብሮት ስለሚከፈለው ቀብድ ነው። በእኔ እምነት በእነዚህ ወራት ሰውን ያለ ቦታው ባህር ላይ የሚያስገኘው ድፍረት ሳይሆን የማይመለስ ገንዘብ ነው።

ፍሎሪዳ ከገባሁ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ባህር በሌለው አገር ላደገ ሰው ዓሣ ማለት ሐዋሳ አሞራ ገደል ሄዶ የሚበላ ቆሮሶ ነው እንጂ ተይዞ የሚለቀቅ ነገር አይደለም። ይህን ያስጀመረኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ለእናቴ በስልክ ስነግራት "ይዛችሁ ትለቁታላችሁ?" አለች። አዎ ስላት ትንሽ ዝም ብላ "ታዲያ ለምን ታስቸግሩታላችሁ?" አለችኝ። እስካሁን አጥጋቢ መልስ አላገኘሁላትም።

ነገሩን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። በተለመደው ዓሣ ማጥመድ መንጠቆው ላይ ያለው ክብደት ክሩን ጎትቶ ይሄዳል። ፍላይ ፊሺንግ በሚባለው ግን መንጠቆው ላይ የታሰረው ሽሪምፕ ወይም ትንሽ ሸርጣን እንዲመስል የተሠራ ጥቂት ጸጉርና ክር ነው፤ ይህ ነው የሚባል ክብደት የለውም። ክብደቱ ያለው ክሩ ራሱ ላይ ነው። ክሩን በአየር ላይ ወደ ኋላና ወደ ፊት እያወዛወዛችሁ ትልኩታላችሁ። ለቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ልጅ እጁ ቶሎ ይለምደዋል። በአገራችንም ቢሆን ጨርሶ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ድሮ ከውጭ መጥቶ የተለቀቀ ትራውት አለ፣ እሱን ፍለጋ በዚሁ ዘዴ የሚሄዱ ሰዎችም አሉ።

የባህሩ ግን ሌላ ነው። ሞተሩ ይጠፋል። ጋይዱ ከጀልባዋ ኋላ ባለች ትንሽ መድረክ ላይ ቆሞ በረጅም ዘንግ መሬቱን እየገፋ በዝምታ ይነዳችኋል። እናንተ ፊት ላይ ትቆማላችሁ። ዓሣውን ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው፤ እናንተ የምታዩት ውሃና አሸዋ ብቻ ነው። አቅጣጫውን በሰዓት ይነግራችኋል፤ የጀልባዋ አፍንጫ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። (ይህ ለሐበሻ የራሱ ፈተና አለው። "ሦስት ሰዓት ላይ!" ሲለኝ ዓይኔ በቀጥታ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ሰውዬው ያለው ቀኝ ነው።) ቦንፊሽ የሚባለው ዓሣ የባህሩ ውሃ መሙላት ሲጀምር ከጥልቁ ወጥቶ ሜዳው ላይ ይበተናል፣ ሸርጣን እየቆፈረ ይበላል፣ ሲጎድል ይመለሳል። የትኛው ጥግ በስንት ሰዓት ውሃ እንደሚሞላ፣ ከየትኛው ንፋስ የትኛው ደሴት እንደሚከልል ጋይዱ ካርታ ሳያይ ያውቃል። ፍሎሪዳ ውስጥ ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቦንፊሽ የያዘ ሰው የግድ መልቀቅ አለበት። ስለዚህ የምትከፍሉት ለዓሣ አይደለም፤ ለዚያ ሰው ዓይንና ዕውቀት ነው።

ቢሚኒ የምትባል ትንሽ የባሃማስ ደሴት ላይ አንሲል ሳውንደርስ የሚባል ጀልባ ሠሪና የቦንፊሽ ጋይድ ነበር ስሙ የገነነው። ማርቲን ሉተር ኪንግን በ1964 በጀልባው ወደ ማንግሮቩ ውስጥ ወስዶ፣ ኪንግ እዚያ ጸጥታ ውስጥ ተቀምጦ የኖቤል ሽልማት ንግግሩን እንዲጽፍ እንዳደረገ ሳውንደርስ ራሱ ለብዙዎች ተርኳል። ይህን ያነሳሁት ለጌጥ አይደለም። ጋይድ ማለት ዘንግ የሚገፋ ተቀጣሪ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ሰው ነፍሱን አምኖ የሚሰጠው ባለሙያ መሆኑን እንድታስቡት ነው።

አሁን ወደ ነፋሱ። እዚህ ላይ እኛ ኢትዮጵያውያን ያለንበትን ነገር ብዙ ሰው አያውቅም። በክረምት የእኛ ተራሮች ላይ የሚነሳው ከባድ የነጎድጓድ ደመና አየሩን ያናውጠዋል። ያ ነውጥ እንደ ሞገድ ሆኖ በሱዳን፣ በቻድ፣ በናይጄሪያ ሰማይ ላይ ወደ ምዕራብ ይጓዝና በሴኔጋል በኩል አትላንቲክ ላይ ይወጣል። የዳርፉር ተራሮችም የራሳቸውን ያዋጣሉ። በየዓመቱ 60 ያህል እንዲህ ያለ ሞገድ ከአፍሪካ ይወጣል። አብዛኛው ዝናብ አውርዶ ይጠፋል። ጥቂቱ ግን ሞቃት ባህር ሲያገኝ መሽከርከር ይጀምራል። ከኃይለኞቹ የአትላንቲክ ሀሪኬኖች አብዛኞቹ ዘራቸው ከእነዚህ የአፍሪካ ሞገዶች ነው። በ2000 አልቤርቶ የተባለውን ሀሪኬን ሁለት ተመራማሪዎች ወደ ኋላ እየተከተሉ ሲሄዱ መነሻውን ያገኙት የኢትዮጵያ ደጋ ላይ ነው። ደግነቱ አልቤርቶ ዕድሜውን ባህር ላይ ጨረሰ። ሐምሌ ላይ ጎጃም ላይ ሲያጉረመርም የምትሰሙት ሰማይ፣ አንዳንዴ ሁለትና ሦስት ሳምንት ቆይቶ ደሴቶቹ ላይ ስም ይወጣለታል ማለት ነው።

የሀሪኬን ወቅት የሚባለው ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። በታሪክ የወቅቱ ጫፍ ተብሎ የሚጠቀሰው ቀን ሴፕቴምበር 10 ነው። ልብ በሉ፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ኢርማ የተባለው ሀሪኬን በ2017 ፍሎሪዳ ኪይስን የመታው ልክ በዚሁ ቀን ነበር። ከ6 ሚሊዮን በላይ የፍሎሪዳ ነዋሪ ቤቱን ለቅቆ እንዲወጣ ተነግሮት ስለነበር እኛም ዶሮ ወጡን በላስቲክ ዕቃ ይዘን ወደ አትላንታ መንገድ ላይ ነበርን። አዲስ ዓመቱ የገባልን ነዳጅ ማደያ ሰልፍ ላይ ነው።

"ዘንድሮ ወቅቱ ጸጥ ያለ ነው ተብሏል" የሚለውን ወሬ አትመኑ። 1992 ጸጥ ያለ ዓመት ነበር። የመጀመሪያው ስም የወጣለት አውሎ ነፋስ እስከ ኦገስት አጋማሽ አልመጣም። ሲመጣ ግን አንድሪው ነበር፤ ከማያሚ በታች ያለውን አካባቢ ጠራርጎ ሄደ። የዓመቱ ቁጥር ለኢንሹራንስ ኩባንያ ይጠቅማል። ለአንድ ጀልባ ግን አንድ ነፋስ በቂ ነው።

እና ስልካችሁ? ስልኩማ ሁሉን ያሳያል፤ ችግሩም እሱ ነው። ባለቀለም ንፋስ የሚያሽከረክሩ አፖች አሉ፤ እንደ ስፓጌቲ የተጠላለፉ መስመሮች አሉ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያቺ ነጭ ሾጣጣ ቅርጽ አለች፣ ኮን የሚሏት። ኮኗን የሚያወጣው የአሜሪካ ብሔራዊ የሀሪኬን ማዕከል ነው። የምትናገረው የነፋሱ መሃል የት የት ሊያልፍ እንደሚችል ብቻ ነው። ነፋሱ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ አትናገርም፤ ውሃው የት እንደሚወጣም አትናገርም። መሃሉ ራሱ ከሦስት ጊዜ አንዱን ያህል ከኮኗ ወጥቶ ይሄዳል፤ ስትሠራም ይህ ታስቦ ነው። ብዙ ሰው ግን ኮኗን እንደ አጥር ያያታል፤ ከውስጥ አደጋ፣ ከውጭ ሰላም።

በ2022 ኢያን ሲመጣ የብዙ ሰው ዓይን ታምፓ ላይ ነበር። ነፋሱ ግን ሴፕቴምበር 28 ከታምፓ በታች ፎርት ማየርስ አካባቢ ገባ። ያ አካባቢ ታርፖን የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ፈላጊዎች የሚጎርፉበት ነው። የካውንቲው የመውጫ ትእዛዝ የመጣው ከአንድ ቀን በፊት ብቻ ነበር። ባህሩ ከአራት ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ወደ መንደሩ ገባ። በግዛቲቱ ከ100 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹም አረጋውያን ነበሩ። ትንበያው ዋሸ አልልም፤ የተሳሳተው አነባበቡ ነው፣ ከዚያም በላይ የውሳኔው መዘግየት።

ሀሪኬን በሌለበት ቀንም ቢሆን በእነዚህ ወራት ከሰዓት በኋላ መብረቅ አለ። ሜዳ በሆነ ውሃ ላይ ከሁሉ ረጅሙ ነገር ማነው? እናንተ፣ 2.7 ሜትር የካርቦን ዘንግ ወደ ሰማይ ቀስራችሁ። የአሜሪካ የአየር ጠባይ አገልግሎት ለዓመታት ባጠናቀረው መዝገብ በመዝናኛ ላይ እያሉ በመብረቅ ከሞቱት መካከል ቀዳሚዎቹ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ጎልፍ ተጫዋቾች አይደሉም፣ ዓሣ አጥማጆች። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ይበቃል፤ ዘንጉ ይታጠፍና ወደ መሬት ነው። የመጨረሻውን ድምፅ ከሰማችሁም በኋላ 30 ደቂቃ ይጠበቃል። ማንግሮቩ ውስጥ ደግሞ ስልኩ ብዙ ጊዜ ኔትወርክ የለውም፤ ጋይዶቹ ሬዲዮ የሚይዙት ለዚህ ነው።

እሺ፣ ይህን ሁሉ ጋይዱ ያውቃል። ታዲያ ለምን ይወጣል?

ባለፈው ዓመት ለሴፕቴምበር መጀመሪያ ከጓደኞቼ ጋር አንድ ደሴት ላይ ቦታ ይዘን ነበር። ስሙን አልናገርም። ከአምስት ቀን በፊት ከምሥራቅ የሚመጣ ነገር ታየ። ለማረፊያው ስንደውል የተሰጠን መልስ "ደሴቱ ላይ ማስጠንቀቂያ እስካልታወጀ ድረስ ቀብዱ አይመለስም፣ ወደ ሌላ ቀንም አይዛወርም" የሚል ነበር። እኛ ቀረን፣ ገንዘቡም ቀረ። ነፋሱ በኋላ ወደ ሰሜን ዞሮ ባህር ላይ ጠፋ። ያናደደኝ ገንዘቡ አይደለም (እሺ፣ ትንሽ አናዶኛል)። ያናደደኝ ሌላ ነው። ጋይዱ በግሉ የላከልን መልእክት አጭር ነበር፤ "እኔ ብሆን አልመጣም፤ ከመጣችሁ ግን የግድ አወጣችኋለሁ" ይላል። ይህን ዓረፍተ ነገር ደጋግማችሁ አንብቡት። የሚያውቀው ሰው "አይሆንም" ብሏል፤ የሚያዘው ወረቀት ደግሞ "ይሆናል" ብሏል። እኛ ብንሄድ ኖሮ ያ ሰው ያላመነበት ቀን ላይ ዘንጉን ሊገፋ ነው።

የማረፊያ ባለቤቶቹን ክርክር ሰምቼዋለሁ፤ ከንቱም አይደለም። ሴፕቴምበር ደረቅ ወር ነው። ብዙዎቹ ጭራሽ ይዘጋሉ። ክፍት የሆኑት በእያንዳንዱ ደመና ገንዘብ ቢመልሱ ኖቬምበር ሳይደርሱ ይከስራሉ፣ ጋይዱም ያለ ሥራ ይቀራል። እውነት ነው። ለዚህ ነው "ቀብዱ ይመለስ" የማልለው። ቀብዱ ይዛወር ነው የምለው። ደንቡም ማንም ሳይከራከር በራሱ የሚሠራ ይሁን፤ የሀሪኬን ማዕከሉ የአምስት ቀን ኮን ደሴቲቱን ከነካች ቀኑ ወደ ሌላ ጊዜ ይገፋል፣ ገንዘቡ እዚያው ይቆያል፣ አለቀ። ኮኗ አደጋን ለመለካት አትሆንም ብያለሁ፤ ውልን ለማንቃት ግን ትሆናለች፣ ምክንያቱም በየስድስት ሰዓቱ ትታደሳለች፣ ነጻ ናት፣ የማረፊያውም የእንግዳውም ዘመድ አይደለችም። ማስጠንቀቂያ እስኪታወጅ መጠበቅ ግን አይሠራም። የመጀመሪያው ማሳሰቢያ የሚወጣው ኃይለኛው ንፋስ ይደርሳል ከሚባልበት 48 ሰዓት በፊት ነው። ትንሽ አውሮፕላን ማረፊያ ባላት ደሴት 48 ሰዓት ምንም ማለት አይደለም።

እንግዳውም የድርሻውን ይቻል። ዋጋው የቀነሰው አደጋውን አብራችሁ ስለገዛችሁ ነው። ቅናሹን ወስዶ አደጋውን ለጋይዱ መተው ደግሞ ነውር ነው። "የአውሮፕላን ትኬቴስ?" የምትሉ ትኖራላችሁ። ትኬታችሁ ይቃጠላል። ሰውዬው ግን ጀልባው አንድ ናት፤ ቤቱም አንድ ነው።

ይህ ውሳኔን ከሚያውቀው ሰው እጅ የማውጣት ነገር አዲስ አይደለም። ዛሬ ራሷን የዓለም የስፖርት ዓሣ ማጥመጃ ዋና ከተማ ብላ የምትጠራው ኢስላሞራዳ ላይ አንድ ሐውልት አለ። በሴፕቴምበር 2 ቀን 1935 በሠራተኞች በዓል ዕለት እስከዛሬ አሜሪካን ከመቱት ሁሉ ኃይለኛው ሀሪኬን እዚያ ገባ። በዚያን ጊዜ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘማቾች የነበሩ ሰዎች በመንግሥት የሥራ ካምፕ ውስጥ ሆነው መንገድ ይሠሩ ነበር። ሊያወጣቸው የሚችለው ባቡር ከማያሚ የተጠራው ዘግይቶ ነው። ሲደርስም ባህሩ ፉርጎዎቹን ከሐዲዱ ላይ ገለበጣቸው። ከ400 በላይ ሰው ሞተ፤ ከግማሽ በላዩ እነዚያ ዘማቾች ነበሩ። ኪይ ዌስት ይኖር የነበረው ኧርነስት ሄሚንግዌይ፣ እሱም የለየለት ዓሣ አጥማጅ፣ ማን ገደላቸው ብሎ የሚጠይቅ የቁጣ ጽሑፍ ጻፈ። ዘማቾቹ ልሂድ ወይስ ልቅር ብለው የመወሰን ዕድል አልነበራቸውም። ሌላ ሰው ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ይወስንላቸው ነበር። የዓሣ ማጥመጃ ውል እንደዚያ ያለ እልቂት ያመጣል እያልኩ አይደለም፤ አሠራሩ ግን ያው ነው።

በ2019 ዶሪያን ባሃማስ ላይ ሲደርስ ነፋሱ በሰዓት 295 ኪሎ ሜትር ነበር። አባኮን መትቶ ግራንድ ባሃማ ላይ ከአንድ ቀን በላይ ቆሞ ቀረ። ከ70 በላይ ሰው መሞቱ ተረጋገጠ፤ ከ200 በላይ የሚሆኑት የገቡበት አልታወቀም። ማርሽ ሃርበር ከተማ ውስጥ የሄይቲ ስደተኞች በእንጨትና በቆርቆሮ የሠሩት ሰፈር ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ስደተኛ የሆነ ሰው ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው አልነግራችሁም። እነዚህ ሁለት ደሴቶች በዓለም ከታወቁት የቦንፊሽ ሜዳዎች መካከል ናቸው። ማንግሮቩ በሰፊው ደረቀ። ማንግሮቭ ማለት ሥሩ ውሃ ውስጥ የቆመ ዛፍ ነው፤ የትንንሽ ዓሦች መደበቂያ ነው፣ የሞገዱንም ጉልበት የሚሰብረው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ችግኙን እየለቀሙ ጭቃው ውስጥ ከተከሉት መካከል ራሳቸው ጋይዶቹ ነበሩ። ለዚህ ነው ይህን ስፖርት "የሀብታም ቅብጠት" ብሎ መተው የማልስማማው። ዓሣው በሕይወት ካለ ሜዳው ዋጋ አለው፣ ሜዳው ዋጋ ካለው ዛፉን የሚቆርጥ ይቀንሳል። ግን ያ ሁሉ የሚሠራው ጋይዱ በሕይወትና በሥራ ላይ ካለ ነው።

"ታዲያ በእነዚህ ወራት ጭራሽ አንሂድ?" ለምትሉኝ፣ እኔ እሄዳለሁ። ጎህ ሲቀድ ውሃው ቀዝቀዝ ብሎ ዓሣው ወደ ሜዳው ይወጣል፣ ሌላ ጀልባ አይታይም። ቀን ላይ ውሃው ስለሚሞቅ ኦክስጅኑ ያንሳል። የያዛችሁትን ዓሣ ረጅም ጊዜ ካታገላችሁትና ለፎቶ አየር ላይ ካቆያችሁት፣ ስትለቁት ሻርክ ነው የሚቀበለው። ከአራት ሰዓት በፊት ይሠራል፣ ደመናው መቆለል ሲጀምር ይገባል። ቦታ ከመያዜ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፤ ቀኑ ይዛወራል ወይ፣ ጠዋት ላይ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ማነው። ሁለተኛውን ሲጠየቁ የሚንተባተቡ አሉ። እነሱን አልፋቸዋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ እንግዶች የማናስበው አለ። ነፋሱ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እኛ "ገና ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ግማሽ ቀን እንኳ እንውጣ" የምንልበት ሰዓት፣ ለጋይዱ የዓመቱ ውድ ሰዓት ነው። መስኮቱን በጣውላ ይመታል። ነዳጅና ውሃ ይሰለፋል። እናቱን ከፍ ወዳለ ቦታ ይወስዳል። ጀልባውን ከውሃ አውጥቶ ያስራል፤ ማውጣት ካልቻለም ወደ ማንግሮቩ ጠባብ መተላለፊያ አስገብቶ ከዛፎቹ ጋር በአራት በአምስት ገመድ ይጠፍራታል፤ ይህ ብቻውን ግማሽ ቀን ይፈጃል። ያን ግማሽ ቀን ነው በቀብዳችን ይዘንበት የምንቆየው።